ማይግሬንና ኤም አር አይ ላይ የሚታዩት ነጫጭ ነጠብጣቦች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ በምሠራበት መድኃኒት ቤት፣ የኤም አር አይ (በማግኔት የሚነሣ የአንጎል ምስል) ፖስታ በብብታቸው ይዘው የሚገቡ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ እነዚህን ነው።

ኤም አር አይ ላይ ታዩብኝ የተባሉት ነጫጭ ነጠብጣቦች ምንድን ናቸው?

አንጎል ሁለት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። ላይኛው ግራጫማ ንጣፍ የነርቭ ሕዋሳቱ ዋና አካል የሚገኝበት ነው። ከሥሩ ያለው ነጩ ክፍል ደግሞ ሕዋሳቱን እርስ በርስ የሚያገናኙት ረጃጅም ክሮች የሚያልፉበት ነው፤ ክሮቹ ማየሊን በሚባል ቅባትማ ሽፋን ስለተጠቀለሉ ነጭ ሆነው ይታያሉ። ስለዚህ ነጭ ክፍል ያለው ሁሉም ሰው ነው። ሪፖርቱ ላይ ስለ ነጩ ክፍል መጻፉን ብቻ ሰምተው የሚደነግጡ ሰዎች ስላሉ ይህንን ሁልጊዜ አስቀድሜ እናገራለሁ።

ነጠብጣብ የሚባለው በዚህ ነጭ ክፍል ውስጥ ሽፋኑ የሳሳበት ወይም የውኃ መጠኑ የጨመረበት ትንሽ ቦታ ነው። ፍሌር በሚባለው የኤም አር አይ ምስል ላይ ከአካባቢው ደምቆ ይወጣል። ሰዎች ፊልሙን በመስኮቱ ብርሃን ላይ አንሥተው «ይቺ ናት?» ሲሉኝ ጣታቸው ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ከራስ ቅሉ ውጭ ባለው ስብ ላይ ነው፤ እሱም በምስሉ ላይ ይደምቃልና። የሚፈሩት ነጠብጣብ ግን ፊልሙ ላይ የጤፍ ቅንጣት ታህል ናት፤ ተለቀች ቢባል የምስር ፍሬ።

ሪፖርትዎ ላይ ፋዜካስ የሚል ቃል ከቁጥር ጋር ካዩ ደረጃው ነው። 0 ማለት ምንም የለም፣ 1 ማለት እዚህም እዚያም የተበተኑ ጥቃቅን ነጥቦች፣ 2 ማለት መገጣጠም የጀመሩ፣ 3 ማለት ተያይዘው ሰፋ ያለ ቦታ የያዙ ናቸው። ማይግሬን ካለባቸው ወጣቶች ሪፖርት ላይ ከ0 ሌላ ቁጥር ሲኖር፣ እኔ ዘንድ ከመጡት አብዛኛው 1 የሚል ነው።

የእኔ ራስ ምታት ማይግሬን መሆኑን በምን አውቃለሁ? ምች ቢሆንስ?

ማይግሬን የሚታወቀው በፊልም ሳይሆን ታማሚው በሚናገረው ታሪክ ነው። ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል። ብዙ ጊዜ አንዱን የራስ ጎን ይዞ እንደ ልብ ምት ይመታል፤ ዳገት ሲወጡ ወይም ጎንበስ ሲሉ ይብሳል፤ ያቅለሸልሻል፣ ብርሃንና ድምፅ ያስጠላል። ከሦስት ወይም ከአራት ታማሚዎች አንዱ ደግሞ ኦውራ የሚባለውን ቅድመ ምልክት ያውቀዋል፦ ዓይን ፊት የሚብለጨለጭ የተሰባበረ መስመር፣ ወይም ከጣት ጫፍ ተነሥቶ ቀስ እያለ ወደ ፊት የሚዛመት መደንዘዝ። ኦውራ ያለብዎት መሆን አለመሆንዎ ከታች ባሉት መልሶች ሁሉ ስለሚያስፈልግ አሁኑኑ ያስታውሱ።

ምች መታኝ ብለው ዳማ ከሴ አሽተው፣ ተሸፋፍነው የሚተኙ ብዙዎች ናቸው። በጨለማና ጸጥ ባለ ክፍል መተኛቱ ለማይግሬንም ይጠቅማል። ነገር ግን በየወሩ የሚመላለስ፣ ከወር አበባ ጋር ቀን ቆጥሮ የሚመጣ «ምች» ምች አይደለም። በተለያዩ የኢትዮጵያ አካባቢዎች ቤት ለቤት ተካሂዶ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከአዋቂዎች መካከል 18 በመቶ የሚጠጉት ማይግሬን እንዳለባቸው አሳይቷል። እንግዲህ በአንድ የቡና ሸንጎ ላይ ከተሰበሰቡት ውስጥ አንዷ ወይም ሁለቷ አለባቸው ማለት ነው።

ማይግሬን ያለበት ሰው ሁሉ ነጠብጣብ ይኖርበታል?

አይኖርበትም። ብዙ ታማሚዎች ምስላቸው ንጹሕ ነው፤ ራስ ምታት ምን እንደሆነ የማያውቁ ሰዎችም ነጠብጣብ ይገኝባቸዋል።

በዚህ ጉዳይ ላይ በጣም የሚጠቀሰው በኔዘርላንድስ የተካሄደው ካሜራ የተባለው ጥናት ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣው ውጤት 295 የማይግሬን ታማሚዎች ማይግሬን ከሌለባቸው 140 ሰዎች ጋር ተነጻጸሩ። ማይግሬን ባለባቸው ሴቶች ላይ በጥልቁ ነጭ ክፍል ውስጥ ብዙ ነጠብጣብ የመገኘቱ ዕድል እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ፤ ወንዶቹ ላይ ግን ልዩነት አልታየም። በሌላ በኩል በዴንማርክ መንትያ ሴቶች ላይ ተሠርቶ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ኦውራ ያለው ማይግሬን ባለባቸውና ማይግሬን በሌለባቸው መካከል ልዩነት አላገኘም። ጥናቶቹ እንዲህ ሲለያዩ ዝምድናው ቢኖር እንኳ ደካማ ነው ማለት ነው። «ማይግሬን አንጎልን ይበላል» የሚለው ወሬ ከዚህ የትኛውም ጥናት አይወጣም።

ማይግሬን ነጠብጣቡን የሚፈጥረው በምን መንገድ ነው?

ተመራማሪዎች አንድ መልስ ላይ አልደረሱም። በኦውራ ጊዜ በአንጎል ገጽ ላይ ቀስ ብሎ የሚጓዝ የኤሌክትሪክ ማዕበል አለ፤ እሱን ተከትሎ ወደ አካባቢው የሚሄደው ደም ለጊዜው ይቀንሳል። ይህ ሲደጋገም ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች በሚያጠጡት ጫፍ ላይ ጥቂት ጉዳት ይቀር ይሆናል የሚሉ አሉ። ሌሎች የደም ሥሮቹን የውስጥ ግድግዳ መቆጣትና የደም ቶሎ የመርጋት ዝንባሌን ያነሣሉ።

ሁሉም የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ፦ ቦታው የቀጫጭን ደም ሥሮች ሰፈር ነው። ቀጫጭን ደም ሥሮችን የሚጎዳ ማንኛውም ሌላ ነገር እዚያው ላይ ይደመራል። ቀጣዩ ጥያቄ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ታዲያ ነጠብጣቡ የሚበዛው ለማን ነው?

ከሁሉ በፊት ዕድሜ ነው። 60 ዓመት ካለፈ በኋላ አብዛኛው ሰው፣ ማይግሬን ኖረበትም አልኖረበትም፣ ጥቂት ነጠብጣብ አያጣም። ስለዚህ የ65 ዓመት እናት ፊልም ላይ የታየው ነጥብና የ28 ዓመት ልጃቸው ፊልም ላይ የታየው ነጥብ ትርጉማቸው አንድ አይደለም።

ከዕድሜ ቀጥሎ፣ ልንቆጣጠራቸው ከምንችላቸው ውስጥ ደግሞ አንደኛ፣ የደም ግፊት ነው። ለዓመታት ከፍ ብሎ የኖረ ግፊት የቀጫጭኑን ደም ሥር ግድግዳ ያወፍረዋል፣ ያደርቀዋል፤ ከዚያ የሚያልፈው ደም ይቀንሳል። ሲጋራና የስኳር ሕመም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። ሺሻውም ትምባሆ ነው፤ «እኔ ሲጋራ አላጨስም፣ ሺሻ ብቻ ነው» የሚሉኝን ወጣቶች የምለምናቸው ይህንን እንዲሰሙኝ ነው።

ከማይግሬኑ በኩል የሚቆጠሩት ሴት መሆን፣ ኦውራ፣ የጥቃቱ (የራስ ምታቱ መነሣት) መደጋገምና ከሕመሙ ጋር የቆዩበት ዘመን ናቸው። የመደጋገሙ ነገር ግን ያጠያይቃል። በ2004ቱ ጥናት ጥቃት የሚደጋገምባቸው ሴቶች ነጠብጣባቸው በዝቶ ነበር፤ እነዚያው ሰዎች ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ሲታዩ ግን የነጠብጣቡ መጨመር ከጥቃቱ ብዛትም ሆነ ከክብደቱ ጋር አልተያያዘም። እንግዲህ አንድ ከባድ ሳምንት ባሳለፉ ቁጥር «ዛሬ ደግሞ ስንት ነጥብ ጨመረብኝ» እያሉ አይሠቀቁ።

ከእነዚህ ውስጥ የትኛውን ነው መጀመሪያ የምይዘው?

ግፊትዎን ይለኩ። በዚህ ገጽ ላይ ካለው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የሚያደርጉ ከሆነ ይህ ይሁን። ከኮምቦልቻ የመጣች፣ በፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ የምትሠራ አንዲት የ40 ዓመት ገደማ ሴት ከቤተ ዘመድ ብር ተበድራ አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ ኤም አር አይ ተነሥታ መጣች። ፊልሙን ባንኮኒው ላይ ዘረጋችውና «እስቲ ንገረኝ፣ አንጎሌ ተበላሽቷል?» አለችኝ። አስቀምጬ ግፊቷን ለካሁት፤ 164 በ102። ጥቂት አሳርፌ ስደግመውም ያው ነው። ስጠይቃት ከመጨረሻ ልጇ እርግዝና ወዲህ ተለክታ አታውቅም። ልጁ ስምንት ዓመቱ ነው። ያን ሁሉ ብር ያወጣችበት ፊልም ላይ የነበሩት ሦስት የጤፍ ቅንጣቶች ናቸው፤ ሕይወቷን አደጋ ላይ የሚጥለው ነገር ግን ክንዷ ላይ በአምስት ደቂቃ ተገኘ።

አለካኩም ወግ አለው። ደሴ ዳገትና ቁልቁለት ናት፤ ባንኮኒ ፊት የሚቆም ሰው ሁሉ እያለከለከ ነው የሚደርሰው፣ እንዲያ ሆኖ የተለካ ግፊት ደግሞ አይታመንም። ለመለካት ቢያንስ አምስት ደቂቃ ጀርባን አስደግፎ፣ እግርን መሬት አስረግጦ፣ ሳያወሩ መቀመጥ ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና፣ ጫትና ሲጋራ መኖር የለባቸውም። ሽንት ይሸኑ። ኩታውንና ሹራቡን አውልቀው ባዶ ክንድ ላይ ያስሩት፤ ክንዱ በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። ሁለት ጊዜ ለክተው ይጻፉት። በጤና ተቋም በተለያዩ ቀናት 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ደም ግፊት አለብዎት ማለት ነው፤ ቤት ውስጥ ለሚለካ ደግሞ ወሰኑ 135 በ85 ነው።

ግፊትን መቆጣጠር ለነጠብጣቡ ራሱ ይጠቅማል ወይ ለሚሉኝም መልስ አለ። በአሜሪካ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ በሆኑ የግፊት ታማሚዎች ላይ በተካሄደውና ውጤቱ በ2019 እ.ኤ.አ. በታተመው ስፕሪንት በተባለው ጥናት፣ የላይኛው ቁጥር ከ120 በታች እንዲሆን የታከሙት ሰዎች ከ140 በታች እንዲሆን ከታከሙት ይልቅ ነጠብጣባቸው በዝግታ ጨምሯል። ጥናቱ ስለ ማይግሬን ባይሆንም ደም ሥሩ ያው ደም ሥር ነው።

የማስታወስ ችሎታዬን ይወስዱብኛል?

ይህን ጥያቄ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚጠይቁኝ፤ ብዙዎቹ በስተርጅና ልጆቿን መለየት ያቃታት እናት ወይም አያት አስታመዋል። መልሱ የሚያጽናና ነው። በኔዘርላንድሱ ጥናት ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ማይግሬን ካለባቸው 145 ሴቶች 112ቱ ላይ፣ ከሌለባቸው 55 ሴቶች ደግሞ 33ቱ ላይ ነጠብጣቡ ጨምሮ ተገኘ። ልዩነቱ አለ። የማስታወስና የማሰብ ፈተና ሲሰጣቸው ግን ማይግሬን ያለባቸው ከሌለባቸው አላነሱም። በፈረንሳይ በአረጋውያን ላይ የተሠራውና በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናትም ማይግሬንና ነጠብጣብ አብረው ያሉበት ሰው በማሰብ ችሎታው የባሰ ሆኖ አላገኘውም።

በጥቃቱ ጊዜና በማግስቱ ቃል መጥፋቱ፣ ሐሳብ መበተኑ እውነት ነው፤ የማይግሬኑ አካል ስለሆነ ያልፋል። እንቅልፍ ማጣትና መደበትም እንዲሁ ያስረሳሉ፣ ሁለቱም በማይግሬን ታማሚዎች ዘንድ የተለመዱ ናቸው። ሁለቱም ይታከማሉ።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በወጣሁ ቁጥር ይነሣብኛል። ከፍታው አንጎሌን እየጎዳው ነው?

ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ ናቸው። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ውስጥ 650 ሜትር ያህል ይወጣሉ ማለት ነው። በከፍታ ምክንያት የሚመጣ ራስ ምታት ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ደሴ ካለችበት ከፍታ በላይ በመሆኑ፣ እኔ ይበልጥ የምጠረጥረው መንገዱን ነው። ማይግሬን ያለባቸው ሰዎች መኪና ቶሎ ያዞራቸዋል፤ በዚያ ጠመዝማዛ ላይ የነዳጅ ሽታውና ቁርስ ሳይበሉ መሳፈሩ ሲጨመሩ ጥቃት ለመቀስቀስ ይበቃሉ። ከፊት ወንበር ይቀመጡ፣ ስልክዎን አያንብቡ፣ ባዶ ሆድዎን አይሳፈሩ። ለነጠብጣቡ ግን ይህን ዳገት ተጠያቂ አላደርገውም።

ጾም፣ ቡናና ጫትስ?

ጾም ጥቃት ይቀሰቅሳል፤ ለነጠብጣብ አጋላጭ ተብለው ከሚቆጠሩት ውስጥ ግን አይገባም። በረመዳን የመጀመሪያዎቹ ቀናትና በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ የማስታገሻ ፈላጊው ቁጥር ሲጨምር በዓይኔ አያለሁ። አንዱ ተጠያቂ የቡና መቅረት ነው። በወሎ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ የኖረ አካል ቡናው ድንገት ሲቋረጥ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራሱን ያመዋል። መፍትሔው ጾሙ ከመግባቱ አንድ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ሲኒውን አንድ በአንድ መቀነስ ነው። ሙስሊም ወገኖቼ ሱሑርን አይዝለሉ፣ ውኃም በደንብ ይጠጡ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙም ከሰዓቱ በኋላ ምግቡን አታዘግዩ። ቡናው ሲፈላ የሚጨሰው ዕጣን የሚያስነሣባት ሴት ካለች መስኮቱ ይከፈትላት፤ ጉራ አይደለም፣ በማይግሬን ጊዜ ሽታ በእውነት ያማል።

ጫት ሌላ ነገር ነው። የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍ ያሳጣል፤ ከበርጫ ጋር ሲጋራ ወይም ሺሻ አይጠፋም። ግፊትና ትምባሆ ከፍ ብዬ በጠቀስኳቸው አጋላጭ ነገሮች ረድፍ ግንባር ላይ ስላሉ፣ ማይግሬን ያለበት ሰው ጫቱን ቢተወው እወዳለሁ።

የእርግዝና መከላከያ እወስዳለሁ። ላቋርጠው?

ለሴቶች ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ የለም፤ ከጉዳዩ ክብደት አንጻር የሚጠይቁኝ ግን ጥቂቶች ናቸው። ቁልፉ ኦውራ ነው። ኦውራ ያለው ማይግሬን በደም መርጋት የሚመጣውን ስትሮክ (የአንጎል ደም ሥር ድንገት ሲዘጋ የሚደርሰውን ጉዳት) ዕድል ወደ እጥፍ ያህል ያሳድገዋል። ወጣት ሴት ላይ መነሻው ዕድል በጣም ትንሽ ስለሆነ እጥፉም ትንሽ ነው፤ ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞንና ሲጋራ ሲጨመሩበት ግን ነገሩ ይለወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ኦውራ ያለው ማይግሬን ላለባት ሴት በማንኛውም ዕድሜ ኢስትሮጅን ያለበት ጥምር እንክብል እንዳይሰጣት ይመክራል። ኦውራ ባይኖርም ዕድሜዋ 35 እና ከዚያ በላይ ከሆነ እንክብሉ አይመከርም።

በየሦስት ወሩ የሚወጋው መርፌና በክንድ ሥር የሚቀበረው ኢስትሮጅን የላቸውም። ማኅፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕም የለውም፤ ድንገተኛ መከላከያ የሆነው ፖስትፒልም እንዲሁ። እነዚህን መጠቀም ይቻላል፤ ከጀመሩ በኋላ ኦውራው አዲስ ከመጣ ወይም ከበረታ ግን ተመልሰው ይታዩ። በየቀኑ የሚዋጠውን ለሚጠቀሙ፣ ፓኬቱን ይዘው ይምጡና ኢስትሮጅን አለበት ወይ ብለው የመድኃኒት ባለሙያውን ይጠይቁ። የሚቀጥለውን ዘዴ ሳይዙ ግን ዛሬውኑ አይጣሉት፤ ያልታሰበ እርግዝናም የራሱ አደጋ አለው።

ማስታገሻ በየቀኑ እወስዳለሁ። ነጠብጣቡን ያመጣው እሱ ነው?

ነጠብጣቡን አላመጣውም፤ ራስ ምታቱን ግን እያበዛው ሊሆን ይችላል። ፓራሲታሞልን፣ ኢቡፕሮፌንን ወይም ዲክሎፌናክን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ኤርጎታሚን የተባለው የማይግሬን መድኃኒት ያለበትን ወይም ቅይጥ ማስታገሻን ደግሞ በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ ከሦስት ወር በላይ የወሰደ ሰው መድኃኒቱ ራሱ የሚያመጣው ራስ ምታት ሊይዘው ይችላል። እንደ ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ያሉት ግፊትንም ከፍ ያደርጋሉ፤ በዚህ በኩል ዞረው ወደ ዋናው ጉዳያችን ይመጣሉ።

ኤርጎታሚን ላይ ቆም እላለሁ። ደም ሥር የሚያጠብ መድኃኒት ነው። ግፊቱ ያልተስተካከለ፣ የልብ ወይም የደም ሥር ሕመም ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር መውሰድ የለባቸውም። ከኤሪትሮማይሲን ወይም ከክላሪትሮማይሲን፣ ሪቶናቪር ካለበት የኤች አይ ቪ መድኃኒትም ጋር ከተወሰደ በደም ውስጥ ይከማችና ጣት እስኪጠቁር ድረስ ደም ሊያቋርጥ ይችላል። ስለዚህ «ጎረቤቴ የምትወስደውን ስጠኝ» ለሚለኝ ሰው አልሰጥም፤ ተቆጥቶ ቢወጣም ቢቀየመኝም።

በወር አራት ጊዜና ከዚያ በላይ የሚታመም ሰው የሚያስፈልገው ማስታገሻ መጨመር ሳይሆን በየቀኑ የሚወሰድ መከላከያ ነው። ፕሮፕራኖሎልና አሚትሪፕቲሊን ርካሽና የቆዩ መድኃኒቶች ናቸው። ፕሮፕራኖሎል ግፊትንም ይቀንሳል፤ አስም ላለበት ሰው ግን አይሰጥም። ምርጫውና መጠኑ የሐኪም ነው።

ማይግሬኑ ልብ ላይ ካለ ቀዳዳ ነው የሚመጣው የሚባለው እውነት ነው?

ሁላችንም በማኅፀን ሳለን በሁለቱ የልብ የላይኛ ክፍሎች መካከል የምትከፈት መተላለፊያ ነበረችን። ከአራት ሰዎች በአንዱ ላይ ከውልደት በኋላም ሙሉ በሙሉ ሳትዘጋ ትቀራለች፤ ኦውራ ባለባቸው ዘንድ ደግሞ ከዚህም ትበዛለች። ለነጠብጣቡ መንስኤ ስለመሆኗ የተደረጉት ጥናቶች ግን አይስማሙም፤ ለማይግሬን ብሎ ማዘጋትም አይመከርም።

አንዱ ሐኪም መልቲፕል ስክለሮሲስ ሊሆን ይችላል አለኝ። በምን ይለያል?

መልቲፕል ስክለሮሲስ የሰውነት መከላከያ የነርቭ ክሮችን ሽፋን የሚያጠቃበት ሕመም ነው፤ ነጠብጣቡ በቦታው፣ በቅርጹና ከሁሉ በላይ በታሪኩ ይለያል። የማይግሬኑ ነጠብጣቦች ጥቃቅን ናቸው፤ በአብዛኛው በግንባሩ በኩል፣ በጥልቁ ነጭ ክፍል ወይም ከግራጫው ንጣፍ ዝቅ ብለው ይበተናሉ። የመልቲፕል ስክለሮሲሶቹ ደግሞ የአንጎል ፈሳሽ ያለባቸውን ክፍተቶች ታክከው ሞላላ ሆነው ይቆማሉ፣ ሁለቱን የአንጎል ግማሾች የሚያገናኘውን ድልድይ ይነካሉ፣ ወደ አንጎል ግንድና ወደ ሕብለ ሰረሰርም ይወርዳሉ። ታማሚውም ለቀናትና ለሳምንታት የቆየ የአንድ ዓይን መደብዘዝ፣ የእግር መዛል፣ ወይም ሽንት የመቆጣጠር ችግር ይናገራል።

ሌሎችም አስመሳዮች አሉ፦ የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት፣ ኤች አይ ቪ፣ ቂጥኝ፣ የደም ሥር ብግነት። አብዛኞቹ በደም ምርመራ ይጣራሉ። ስለዚህ በፊልም ብቻ ተመሥርቶ የዕድሜ ልክ መድኃኒት ከመጀመር በፊት የነርቭ ሐኪም ታሪኩን ቁጭ ብሎ ይስማ፣ አካሉንም ይመርምር። ሪፖርቱ «መንስኤው በውል የማይለይ» ካለ ደግሞ አንባቢው ሐኪም አላወቀም ማለት አይደለም፤ የቦታውና የቅርጹ ነገር ወደ አንዱ በሽታ አይጠቁምም ማለቱ ነው።

በየዓመቱ ኤም አር አይ ልነሣ? መድኃኒት ብወስድ ነጠብጣቡ ይጠፋል?

አዲስ ምልክት ከሌለ አይነሡ። ነጠብጣቡ ሁለት ሆነ አራት፣ ሕክምናዎ አይለወጥም። የመከላከያ መድኃኒትም የሚሰጠው የጥቃቱን ቁጥር ለመቀነስ እንጂ ነጥብ ለማጥፋት አይደለም፤ ያለው ነጥብ በአብዛኛው እንዳለ ይኖራል። ለሁለተኛው ኤም አር አይ የሚያወጡት ብር የክንድ ግፊት መለኪያ ይገዛል፣ የስኳርና የኮሌስትሮል ምርመራ ያስደርጋል፣ የብዙ ወር መከላከያ መድኃኒትም ይሸፍናል። ለደንበኞቼ በግልጽ የምነግራቸው ይህን ነው፤ ፊልሙን እቤት አስቀምጡት፣ የግፊቱን ደብተር ይዛችሁ ኑ።

ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ የጀመረ ራስ ምታት፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር ያለው፣ በእርግዝና ወይም ከወሊድ በኋላ የመጣ፣ አንቀጥቅጦ የጣለ፣ ወይም ከካንሰር ወይም ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖር ሰው ላይ አዲስ የታየ ከሆነ ግን ይህ ምክር አይሠራም። በፍጥነት መመርመር አለበት።

አካሌ ደነዘዘ፣ ዓይኔ ተጋረደ። ኦውራ ነው ወይስ ስትሮክ?

ኦውራ ይራመዳል። ብልጭታው ከዓይን መሐል ይነሣና እየሰፋ ይሄዳል፤ መደንዘዙ ከጣት ወደ ክንድ፣ ከክንድ ወደ ከንፈር በደቂቃዎች ይጓዛል። እያንዳንዱ ምልክት ከ5 እስከ 60 ደቂቃ ቆይቶ ይለቃል። ብዙ ጊዜም የሚጀምረው በሚጨመር ነገር ነው፤ ብልጭታ፣ ውርርታ። ስትሮክ ደግሞ በአንድ ቅጽበት ይመጣና ያለውን ይወስዳል፦ እጅ አልታዘዝ ይላል፣ አንደበት ይተሳሰራል፣ ግማሹ እይታ ይጠፋል።

ሁለቱ የሚቀላቀሉበት ጊዜ ስላለ እቤት ሆነው ለመፍረድ አይሞክሩ። ኦውራ የማያውቅ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጣበት፣ የለመደው ሰው ደግሞ ዛሬ ከለመደው ከተለየበት፣ ከአንድ ሰዓት ካለፈ፣ ወይም ክንድና እግር ከዛለ፣ ወደ ሆስፒታል ነው። እንደ መብረቅ በአንድ ጊዜ የመታ፣ በዕድሜ ዘመን ታይቶ የማይታወቅ ራስ ምታትም እንዲሁ። ዳማ ከሴውም ጸበሉም ዱዓውም ይቀጥሉ፤ መኪናው ግን ይነሣ። ቤተሰብ ፈገግ በሉ፣ ሁለቱን እጅ አንሡ፣ ስምዎን ይናገሩ ብሎ ይፈትናቸው። የደም መርጋት ስትሮክን የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ብቻ ስለሆነ ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ወረቀት ላይ ይጻፉት። ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።